በሙሉ ዝግጅት ሊታዩ ስለሚገባቸው ሦስት ተውኔቶች

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ ቃል መልካም ነገር ሁሉ የሚገባው ዕቃ እንዳለው ያስረዳል። ጠጅ በቅል ቢቀዳ ጠጅነቱ አይቀርም፤ ነገር ግን መልኩ አይታይም። ተውኔትም እንዲሁ ነው። በመጽሐፍ ታትሞ በሣጥን ቢቀመጥ ተውኔትነቱ አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ደራሲው የጻፈው ለዓይንና ለጆሮ ነውና በጉባኤ ፊት እስኪቆም ድረስ ሥራው ገና በእኩሌታው ነው። በችሎት የምንውል ሰዎች ይህን በቀላሉ እናስተውለዋለን፤ ፍርድ በመዝገብ ተጽፎ ሳለ፥ በባለ ጉዳዮቹ ፊት እስኪነበብ ድረስ ማንንም አያሥርም፥ ማንንም አይፈታም።

ሙሉ ዝግጅት ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሦስት አራት ወዳጆች ወረቀት ይዘው ቢያነቡት፥ ድርሰቱን ለመመርመር ይጠቅማል እንጂ ተውኔቱ ታየ አያሰኝም። ተጫዋቾቹ ቃሉን በልባቸው ይዘው ብዙ ሳምንት የተለማመዱበት፥ ልብሱ ከዘመኑና ከማዕረጉ ጋር የተስማማ፥ ዜማውና መብራቱ የታሰበበት ሲሆን ያን ጊዜ ሙሉ ይባላል። ለዚህ የሚሆን ቤት አላጣንም። የሀገር ፍቅር ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም ቤት በ1948 ዓ.ም. የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት በሆነው በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተከፍቷል። ስለዚህ ለእነዚህ ቤቶችና በየአውራጃው ላሉት አዳራሾች የሚገቡ የመሰሉኝን ሦስት ተውኔቶች ለአንባቢዎች አመለክታለሁ።

መጀመሪያው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመድያ» ነው። በአማርኛ ቋንቋ ለመድረክ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ሲሆን፥ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ታየ። ደራሲው በልጅነቱ ወደ መስኮብ ሀገር ሄዶ የመድፈኛ ትምህርት የተማረ፥ ቴአትርንም በዚያ ያወቀ ሰው ነበር። ከፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ከላፎንቴን ተረቶች መንገዱን ተከትሎ፥ አውሬዎችን እንደ ሰው እያናገረ የሹማምንትን ስንፍናና የአስተዳደርን ብልሹነት ገለጠ። ይህም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥትን እንደ መዝለፍ ተቈጥሮበት ተውኔቱ ታገደ።

እንግዲህ ያ ደራሲ የመንግሥት ጠላት ነበርን? በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው እርሱ ነው። ጠላት ሊወረን በተነሣ ጊዜም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ሀገሩ የተከራከረው እርሱ ነው። ሀገሩን ስለ ወደደ አሳቀባት፤ ስለ ወደደም ተሟገተላት። የሚያስቅብን ሁሉ የሚጠላን አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። «ፋቡላ» በሙሉ ዝግጅት ይታይ ስል፥ አውሬዎቹ እንደየመልካቸው ልብስና ጭምብል ተሠርቶላቸው፥ ሕፃናቱ በአንበሳውና በቀበሮው እየሣቁ አባቶቻቸው ዝም ብለው የሚያስቡበት እንዲሆን ነው።

ሁለተኛው በ1948 ዓ.ም. የታተመው የከበደ ሚካኤል «አኒባል» ነው። የቀርታጎው የጦር አለቃ አኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት ዝሆኖቹን እየነዳ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ሮማን በገዛ ምድሯ ያስጨነቀ አፍሪካዊ ነው። በ216 ዓመት በካኔ ታላቅ ድል አደረገ፤ ነገር ግን የሀገሩ ሸንጎ በጊዜው በቂ ረዳት አልሰደደለትም፤ ኋላም በዛማ ተሸንፎ፥ በስደት ሳለ ለጠላቶቹ እጁን ከመስጠት መርዝ መጠጣትን መረጠ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ያደረገ፥ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሮማን ዳግመኛ አነሣለሁ በሚል ጠላት የተወረረ ሕዝብ፥ ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ታሪክ አድርጎ ሊያየው አይችልም። ተውኔቱ ብዙ ሰውና ብዙ ልብስ ይጠይቃል። ሠራዊቱ ሁሉ በመድረክ ይቁም አይባልም፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ነጋሪትና መለከት ቢሰማ የተመልካቹ ልብ የቀረውን ይሞላዋል። ሊቈጠብበት የማይገባው ግን የተጫዋቹ አንደበት ነው፤ ቃሉ ግጥም ነውና በልምምድ ያልጠራ ድምፅ ያበላሸዋል።

ሦስተኛው የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነው። በ1957 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው ይህ ኮመድያ ከሦስቱ ይልቅ ለዚህ ገጽ የቀረበ ነው፤ ነገሩ የቤተ ሰብ ነውና። በውጭ ሀገር የተማረ የትልቅ ሰው ልጅ የከተማውን ምቾት ትቶ በገጠር ይኖራል፤ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሣም የአክስቱ ቍጣ ይነሣበታል። ዘርና አጥንት ቈጥሮ የማያውቅ ቤት በመካከላችን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ይህን ሲያይ ከወንበሩ የማይነቃነቅ አባወራ የለም። ወጪው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ለየአውራጃው ከተማ ይስማማል። አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አክስቲቱን እንደ ሞኝ አያጫውታት። እርስዋም የምትናገረው ለወገንዋ ካላት ፍቅር ነው፤ ክብርዋ ካልተጠበቀላት ክርክሩ ሚዛን ያጣል፤ ተመልካቹም በእርስዋ ይሥቃል እንጂ በራሱ ላይ አይፈርድም።

ዛሬም ወጣቶች አዳዲስ ተውኔት እየጻፉ ወደየአዳራሹ ይመላለሳሉ። ጽሑፋቸው በእጃችሁ ሲገባ፥ ከነዚህ ከሦስቱ በተገኘ ሚዛን መመዘን ይቻላል። አንደኛ፥ እንደ «ፋቡላ» ልንሰማው የማንወደውን እውነት በፍቅር ይነግረናልን? ሁለተኛ፥ እንደ «አኒባል» ቋንቋው ጮኾ ሲነገር ያምራልን? ሦስተኛ፥ እንደ «ያላቻ ጋብቻ» የሁለቱንም ወገን ነገር አሟልቶ ያሰማልን? ይህ ሁሉ ካለበት፥ የደራሲው ስም አለመታወቁ ወይም የአባቱ ማዕረግ ዝቅ ማለቱ ምክንያት ሆኖ ሊያስቀረው አይገባም።

ይህን የሚያነብ ባለሥልጣን አዳራሽ የመፍቀድና ገንዘብ የማዘዝ፥ ወይም የመከልከል ሥልጣን ይኖረው ይሆናል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚበልጠው ስጦታ ግን መታገሥ ነው። ተውኔት ያለ ልብስ ቢታይ ይጐድላል፤ ሹም እንዳይቈጣ እየተባለ ቃሉ ቢቈረጥ ግን ይሞታል። «ፋቡላ» ሲታገድ የተጎዳው ደራሲው ብቻ አልነበረም፤ ስሕተቱን በሣቅ ሊያርም ይችል የነበረው ሹም ደግሞ መካሪውን አጣ። አባቶችና እናቶችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ማን እንደ ተሳሳተና ማን እንደ ቀና ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ሳትቈጡ አድምጡ። መካሪ አያሳጣን።