መኪናው ሲሄድ ታክሱ ለምን ይቀራል?

አየርላንድ ውስጥ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ ጀርመን፣ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ሌላ አገር የሚሻገሩ አሉ። ቤት ይለቃሉ፣ የባንክ ሒሳብ ይዘጋሉ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ ያወጣሉ። ለቤት ኪራይ ያስያዙትን ገንዘብ ሳያስመልስ የሚሄድ የለም፤ ቢቀርበት ይከራከራል፣ ይከሳል። መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ገንዘብ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ብዙው ሰው እንዲህ ዓይነት መብት መኖሩንም አልሰማም። የሰማውም የሚሰማው መኪናው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አይረባውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። አየርላንድ ውስጥ አንድ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ታርጋ ሲወጣለት የተሽከርካሪ ምዝገባ ታክስ ይከፈልበታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቪአርቲ በሚለው አጭር ስሙ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 ነው። በዚያ ቀን የአውሮፓ የጋራ ገበያ ሥራ ሲጀምርና በአባል አገሮች መካከል ያለው ድንበር ለዕቃ ሲከፈት፣ ከዚያ በፊት በመኪና ላይ ይሰበሰብ የነበረውን ኤክሳይዝ ታክስ ተካ። ከ2008 ሐምሌ ጀምሮ መጠኑ የሚወሰነው መኪናው በሚያወጣው የካርቦን ጭስ ልክ ሲሆን፣ ዛሬ ከ7 በመቶ ተነሥቶ እስከ 41 በመቶ ይደርሳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ለናይትሮጅን ኦክሳይድ ለብቻው ይከፈላል። የመቶኛው ስሌት የሚሠራው ገዢው በከፈለው ዋጋ ላይ አይደለም። መኪናው አየርላንድ ገበያ ላይ ቢሸጥ ታክሱን ሁሉ ጨምሮ ስንት ያወጣል ብሎ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በሚገምተው ዋጋ ላይ ነው።

ይህ ታክስ በየዓመቱ ከሚከፈለው የመንገድ ታክስ ጋር ይምታታል። የመንገድ ታክሱ በጊዜ ያልቃል። ቪአርቲ ግን አንዴ ከተከፈለ በኋላ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በቁጥር እንየው። ግምቱ 30,000 ዩሮ በሆነ መኪና ላይ 20 በመቶ ቢከፈል 6,000 ዩሮ ነው፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ለጊዜው እንተወው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ መኪና 18,000 ዩሮ ቢያወጣ፣ ከ18,000ው ውስጥ 3,600 ያህሉ አሁንም ታክስ ነው። ባለቤቱ ደብሊን ውስጥ ቢሸጠው ይህን ገንዘብ ከገዢው ያገኘዋል፤ ገዢውም በተራው ሲሸጥ ከሚቀጥለው ያገኛል። ሙኒክ ወስዶ ቢሸጠው ግን አንድም ጀርመናዊ የአየርላንድን ታክስ አይከፍልለትም። ጀርመን የምዝገባ ታክስ የሚባል ነገር የላትም፣ መኪናም ያለዚያ ታክስ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ መኪናው ከአየርላንድ በወጣባት ቀን 3,600 ዩሮ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ መንግሥት ካልመለሰለት በስተቀር።

ተመላሹን ከመንግሥት እንደሚሰጥ ችሮታ የሚያዩትን ሰዎች አልቀበላቸውም። ታክሱ የተጣለው መኪናው በዚያ አገር መንገድ ላይ እንዲኖር ነው። ከዚያ አገር ለዘለቄታው ከወጣ ያልተጠቀመበት ቀሪ ሒሳብ የባለቤቱ ነው። መጀመሪያ የከፈለው ሌላ ሰው ይሁን፣ እሱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ገዢ ይሁን ለውጥ የለውም፤ በግዢው ዋጋ ውስጥ ከፍሎታልና።

አየርላንድም ይህን በሕግ ተቀብላለች። በ2012 በወጣው የፋይናንስ ሕግ ተደነገገና ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሒሳቡ ከላይ እንደሠራነው ነው፦ ሲመዘገብ ከዋጋው ስንት በመቶው ታክስ ነበር ይባላል፣ ያው መቶኛ አሁን ባለው ዋጋ ላይ ይሰላል፣ ከዚያ 100 ዩሮ የአገልግሎት ክፍያ ይቀነሳል። በእኛ ምሳሌ 3,500 ዩሮ ማለት ነው። አዲስ አገር ገብቶ ቤት ለሚከራይ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ግን ብዙ ባይጠብቅ ይሻለዋል፤ ሲመዘገብ ቅናሽ ስለተደረገለት የሚመለሰውም በዚያው ልክ ትንሽ ነው፣ ወይም ምንም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሕጉ ገንዘቡን የሚመልሰው መኪናው ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከታየ ብቻ ነው። ቀጠሮ ይያዛል፣ መኪናው በየጊዜው የሚደረገውን የመኪና ምርመራ ወደሚሠራው ማዕከል፣ ኤንሲቲ ወደሚሉት ቦታ፣ በአካል ይቀርባል። መርማሪው የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ይመዘግባል፣ የአካሉን ሁኔታ ያያል። ዕድሜው ለምርመራ የደረሰ መኪና፣ ማለትም አራት ዓመት የሞላው፣ ያልተቃጠለ የኤንሲቲ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ከምርመራው በኋላ መኪናው በ30 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት አለበት። ከወጣ በኋላ ደግሞ የመውጣቱ ማስረጃ ይቀርባል፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ከሄደ እዚያ የተመዘገበበት ሰነድ፣ ከኅብረቱ ውጪ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የመርከብ ጭነት ሰነድ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ችግር ያለበት አይመስልም። ግን አገር ለቆ የሚሄድን ሰው የመጨረሻ ወር አስቡት። ሥራው ጀርመን ውስጥ የሚጀምርበት ቀን ተቆርጧል። ቤቱን የሚያስረክብበት ቀን ተቆርጧል። ሻንጣ፣ ልጅና ብርድ ልብስ መኪናው ውስጥ ታጭቆ ከሮስሌር ወይም ከደብሊን ወደብ ሼርቡር በሚሄደው ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ሼርቡር ደርሶ፣ ፈረንሳይን አቋርጦ፣ ሙኒክ መኪናውን አስመዝግቦ ሲጨርስ ነው የሥራ ባልደረባው “ቪአርቲህን አስመለስክ?” የሚለው። በዚያን ሰዓት በእጁ ያለው ማስረጃ የትኛውም መንግሥት ሊጠራጠረው የማይችለው ነው፦ ሌላ አባል አገር የሰጠው ሊብሬና ታርጋ። መኪናው አየርላንድ ውስጥ አለመኖሩ ተረጋግጧል፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደገባም ተመዝግቧል። ሕጉ ግን ከመሄድህ በፊት አላሳየኸኝም ይለዋል። መብቱ በዚያው ይዘጋል።

የገቢዎችን ሥጋት አልንቀውም። ወጣ ተብሎ ገንዘብ የተከፈለበት መኪና ተመልሶ ቢገባስ? ዋጋው ላይ ቢዋሽስ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ፣ መልስም አላቸው። ኔዘርላንድስ ቢፒኤም የሚባል ተመሳሳይ ታክስ አላት። እዚያ መኪናው ከተሽከርካሪ መዝገብ ተሰርዞ በሌላ የኅብረቱ አገር ከተመዘገበ በኋላ ባለቤቱ ማመልከቻውን በ13 ሳምንት ውስጥ ያቀርባል። ማረጋገጫው የሌላው አገር ምዝገባ ነው። ቀሪው ታክስም በዕድሜው ልክ በወጣ ሠንጠረዥ ሊሰላ ይችላል። አገሪቱ በዚህ ምክንያት አልከሰረችም። ሚዛናዊ ለመሆን፣ የደቾቹ ሕግ የራሱ ክፉ ጎን አለው፦ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጪ ለሚላክ መኪና አንድ ሳንቲም አይመልስም። አየርላንድ በዚህ ትሻላለች፣ ወደ ናይሮቢም ይሂድ ወደ ለንደን ትመልሳለች። የሚያስፈልገው የሁለቱን መልካም ጎን ማጣመር ነው።

ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ግን የጊዜው አቆጣጠር ነው። ከውጭ መኪና ይዞ ወደ አየርላንድ የሚገባ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ቀጠሮ መያዝ፣ በ30 ቀን ውስጥ ከፍሎ መጨረስ አለበት። ቢያሳልፍ ተጨማሪ ክፍያ ይጠብቀዋል፣ መኪናውም ሊያዝ ይችላል። ያም ሆኖ ዘግይቶ የመጣ ከፋይ ዘግይተሃልና አንቀበልህም አይባልም። ዘግይቶ የመጣ አስመላሽ ግን ሙሉ በሙሉ ያጣል። ያው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ያው አንድ መኪና፣ ያው አንድ ስሌት ሆኖ ሳለ ስህተቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ ብቻ መውደቁ ትክክል አይደለም።

ሌላም አለ። በምርመራው ቀን ዋጋው ከ2,000 ዩሮ በታች የሆነ መኪና ተመላሽ አያገኝም። እዚህ ላይ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የ40,000 ዩሮ መኪና ያለው ያስመልሳል። ለአረጋውያን እንክብካቤ ከቤት ቤት የሚዞርበት አሮጌ ቶዮታ ያለው ሰው፣ 1,900 ዩሮ ተገምቶ፣ በር ላይ ይመለሳል። የታክሱ መቶኛ 20 ቢሆን 380 ዩሮ ነበረው፤ 100 ለአገልግሎት ተቀንሶም 280 ይቀረው ነበር። ወጪውን የሚሸፍን ክፍያ እስከተቀነሰ ድረስ የዋጋ ወለሉ ምን ይሠራል? እኔ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም።

እነዚህ ሕጎች ድንጋይ ላይ የተጻፉ አይደሉም። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2005 የምዝገባ ታክስን ቀስ በቀስ ማስቀረትንና እስኪቀር ድረስ ከአገር ለሚወጣ መኪና ቀሪውን መመለስን ያካተተ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። የታክስ ጉዳይ የሁሉንም አባል አገሮች ስምምነት ስለሚጠይቅ አልጸደቀም፤ ረቂቁም ከጠረጴዛ ተነሣ። የአየርላንድ ተመላሽ ራሱ ሲጀመር የአገልግሎት ክፍያው 500 ዩሮ ነበር። ኮሚሽኑ አየርላንድን ከሰሰ፤ ክሱ እየታየ ሳለ ክፍያው ከጥር 2016 ጀምሮ ወደ 100 ወረደ። በመስከረም 19 ቀን 2017 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታላቅ ችሎቱ ወሰነ። ከሌላ አባል አገር ለተወሰነ ጊዜ በኪራይ ለመጣ መኪና ሙሉውን ታክስ አስቀድሞ ማስከፈል፣ ሲመለስም ወለድ አለመክፈልና 500 ዩሮ መቁረጥ ከሕግ ውጪ ነው አለ። ማለትም ፍርድ ቤቱ የተመላሹን አሠራር ራሱን መርምሮ ጉድለት አግኝቶበታል። ከመውጣት በፊት የሚደረገው ምርመራም እንዲሁ በግልጽ ሊጠየቅ ይገባዋል።

መኪናውን ወደ አገር ቤት መላክ ለሚያስብ ወገን አንድ ነገር ልበል። የአየርላንድ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ እኛ አገር በመንገዱ ቀኝ ስለሚነዳ መሪው በግራ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ ተመላሹን አስቦ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚነሣ ሰው ገንዘቡን መንገድ ላይ ያጣል። ቀኝ መሪ የሚፈልጉ ገበያዎች እንግሊዝ፣ ቆጵሮስ፣ ማልታና ኬንያ ናቸው፤ ኬንያም ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን አትቀበልም።

እነዚያን ገበያዎች ከባለቤቱ ይልቅ ነጋዴው ነው የሚያውቃቸው። ሊሄድ የቸኮለ ሰው መኪናውን በርካሽ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ያስመረምራል፣ ይልካል፣ ቪአርቲውን ያስመልሳል። ሕገ ወጥ ሥራ አልሠራም፣ ያላወቀው ሰው የተወውን ገንዘብ ነው የወሰደው። ስለዚህ የምትሸጡም ብትሆኑ ከመሸጣችሁ በፊት ቀሪ ታክሱን አስሉና በዋጋው ተደራደሩበት። ራሳችሁ ይዛችሁት የምትወጡ ደግሞ የጀልባ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምርመራውን ቀጠሮ ያዙ፤ ኤንሲቲው ሊያልቅ ከተቃረበ አስቀድማችሁ አሳድሱ። በሊብሬው፣ በምርመራ ወረቀቱና በትኬቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የመንገድ ታክሱም ቢያንስ ሦስት ሙሉ ወር ከቀረው ለብቻው ይመለሳል፤ ቅጹ አርኤፍ 120 ይባላል።

የአየርላንድ መንግሥት በጀቱን በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ ያቀርባል፤ የፋይናንስ ሕጉ ረቂቅ ይከተላል፣ የቪአርቲ ለውጥም በአብዛኛው የሚገባው በዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት የእኛ ናቸው። የአየርላንድ የምክር ቤት አባላት በየወረዳቸው ክሊኒክ የሚሉትን የባለጉዳይ ሰዓት ይከፍታሉ፤ ለመግባት ዜግነት አይጠየቅም። የማኅበር መሪዎቻችን ሁለት ነገር ጽፈው ቢሄዱ በቂ ነው፦ በሌላ አገር የተመዘገበ መኪና ከወጣ በኋላም፣ ቢያንስ በ13 ሳምንት ውስጥ፣ ማመልከቻው እንዲታይ፤ የ2,000 ዩሮው ወለል ደግሞ እንዲነሣ።