አሳዳጊ የበደለው

ልጅ ሲሳደብ፣ ሲሰርቅ፣ ድንጋይ ሲወረውር «አሳዳጊ የበደለው!» እንላለን። ለስድብ ነው የምንለው። ረጋ ብሎ ላደመጠው ግን ቃሉ የሚፈርደው በልጁ ላይ አይደለም። በዳዩ አሳዳጊው ነው፤ ልጁ ተበዳይ ነው። እኛ ግን ተበዳዩን በርበሬ እናጥነዋለን፣ ጸበል እናመላልሰዋለን። አልሆን ሲለን ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ በመጨረሻም ወደ ማሳደጊያ እናሻግረዋለን።

በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ልጆቻችን እዚሁ ይደጉ አልን። እሺ፣ ግን የትኞቹ ልጆች? ማሳደጊያ ሄዶ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሕፃን ይፈልጋል፤ የምትስቅ፣ የማታስቸግር። ሌሊት እየጮኸ የሚነሳውን፣ ትራስ ሥር ዳቦ የሚደብቀውን፣ ሲነኩት የሚናከሰውን የ11 ዓመት ልጅ ማን ይጠይቀዋል? አዝኖ የወሰደው ሰውም ሲያቅተው ይመልሰዋል። ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ተምሮ ይመለሳል፦ ማንም ሰው እንደማይዘልቅ።

ለዚህ ልጅ ደግነት አይበቃም። ሙያ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረ አሠራር አለ። ከባድ የባሕርይ ችግር ያለበት ልጅ መሰሎቹ ወደታጎሩበት ተቋም አይላክም፤ ሥልጠና የወሰደ የአደራ ቤተሰብ ዘንድ ይገባል፤ በአብዛኛው በቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ እሱ ብቻ ነው። በየሥራ ቀኑ ለአሳዳጊዋ ይደወላል፦ ዛሬ ምን አደረገ? አንቺንስ ምን አስጨነቀሽ? አሳዳጊዎቹ በየሳምንቱ ተገናኝተው ይመካከራሉ። ልጁ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በር ቢሰብር ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ አለ። ልጁ ደህና በዋለ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ወላጆቹም ጎን ለጎን ይሠለጥናሉ፤ ከወራት በኋላ ሊቀበሉት ነውና። ለአሳዳጊዎቹ ይከፈላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ወንጀል ውስጥ የገቡ ወንዶች ልጆችን አነጻጽሮ፣ በዚህ መንገድ ያደጉት የጋራ ማቆያ ከገቡት ያነሰ ጥፋት እንደፈጸሙ አሳይቷል።

«ለፍቅር ደመወዝ?» የሚል አይጠፋም። እንዴ! አስተማሪ ይከፈላት የለ? ነርሷስ? ደመወዝ ስለበሉ ርኅራኄያቸው ቀነሰ? ደግሞስ ሳይከፈል የሚሠራውን ማን ነው የሚሠራው? አክስት፣ አያት፣ ታላቅ እህት። ጽድቅ ብለን የምናሞግሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልተከፈለ የሴት ጉልበት ነው።

«ድሃ ነን» የሚለውም አለ። እውነት ነው፣ የኦሪገንን ሁሉ አሁኑኑ አንችልም። ግን እድር ያቋቋምን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ለሟች ድንኳን የሚተክል፣ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ለቀስተኛ በተራ የሚያድር ሕዝብ፣ ለአንዲት አሳዳጊ በየቀኑ መደወል ያቅተዋል? ሁለት ሌሊት እንድትተኛ ልጁን በተራ መያዝ ያቅተዋል? ባለሙያውን፣ ሥልጠናውንና ክፍያውን ደግሞ መንግሥት ይቻል። ጉዲፈቻውን በሕግ ሲዘጋ ልጆቹን እኔ እችላለሁ ማለቱ ነበር፤ ቃሉ ደግሞ የሚስቁትን ብቻ አይመለከትም።

ስለዚህ አስቸጋሪ ልጅ የወሰደች ጎረቤት ስታዩ «እግዜር ይስጥሽ» ብላችሁ አትለፉ። ሌሊት ሲያቅታት ለማን እንደምትደውል ጠይቋት።