ስለ ከፍተኛ ትምህርት ምርጫ ለወላጆችና ለልጆች የቀረበ ምክር

ልጅን አሳድጎ ለከፍተኛ ትምህርት ማብቃት ለወላጅ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን የትምህርቱ ዓይነት የሚመረጥበት ቀን ሲደርስ፤ በጥርባም ሆነ በእንጅባራ፤ በብዙ ቤት ክርክር ይነሣል። ልጁ ስለ ዕፀዋት ወይም ስለ አፈር እማራለሁ ሲል፤ አባት «እርሻውንማ እዚሁ መች አጣኸው፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሁንልኝ እንጂ» ይለዋል።

የወላጆች ሥጋት ከንቱ አይደለም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን መንግሥት በሥራ ላይ ይመድበው ነበር፤ ዛሬ ግን ተመራቂው ሥራውን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ የጎረቤት ልጅ ያየ ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ልጅን ያለ ፈቃዱ ማስገባት ሥጋቱን አያርቀውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫውን ፈተና ያላለፈ ተማሪ አይመረቅምና፤ ልቡ ያልወደደውን የሚያጠና ልጅ ከደጁ ደርሶ ሊመለስ ይችላል።

ደግሞም የተናቀው ትምህርት ምን እንደሚጠቅም በዚሁ በአዊ ምድር እናስተውል። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዴኩረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ እየዘሩ፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስለው በመሸጥ ቤታቸውን አቀኑ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የዋግ ወገን የሆነ በሽታ ገብቶ ብዙውን ዛፍ አደረቀው። እንግዲህ የዛፍን በሽታ የሚያውቅ ሰው ለዚህ አገር ሐኪም አይደለምን?

የወሎንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም በአለማያ የዕፀዋትን ትምህርት ተምረው፤ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሁሉ እንደ እርሳቸው ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ትምህርቱ ግን በስሙ ብቻ እንዳይናቅ እንላለን።

ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው። አባትና እናት ከመከልከላቸው በፊት፤ ልጅም ከመቍረጡ በፊት፤ በዚያው ትምህርት የተመረቁ ሁለት ሦስት ሰዎችን አብረው ሂደው ይጠይቁ፤ ሥራ በስንት ጊዜ እንዳገኙ፤ በምን እንደሚተዳደሩም ይረዱ። ልጅ «እወደዋለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ የመንግሥት ቅጥር ቢታጣ ችግኝ አፍልቶ ይሁን ዘር አባዝቶ በምን እንደሚኖር ለወላጆቹ ማስረዳት ይገባዋል። ወላጅም ሥጋቱን በትእዛዝ ሳይሆን በጥያቄ ይግለጸው። እንዲህ የተመረጠ ትምህርት ችግር ቢያገኘው እንኳ፤ በቤት ውስጥ ወቃሽና ተወቃሽ አይኖርም።