ገላጋይ ዳኛ መቅጣት ይችላል?

አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ አሳታሚዋ የመጽሐፏን ድርሻ ስለያዘባት ወደ ግልግል ሄደች። ገላጋዮቹም 45,000 ዶላር ካሳ፣ በዚያ ላይ 7,500 ዶላር መቅጫ ፈረዱላት። በ1976 እ.ኤ.አ. ግን የኒውዮርክ ከፍተኛው ችሎት መቅጫውን ሰረዘው፤ መቅጣት የመንግሥት ሥልጣን ነው በማለት።

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በግልግል ውሳኔ ላይ የይግባኝ በር ጠባብ ነው፤ ያለ ልክ የቀጣን ገላጋይ ማን ያርመዋል?

በ1995 እ.ኤ.አ. ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ባልና ሚስት በአክሲዮን ደላላቸው ላይ በግልግል 400,000 ዶላር መቅጫ ተፈርዶላቸው ነበር። ደላላው ውሉ ገላጋይ እንዳይቀጣ በሚከለክለው የኒውዮርክ ሕግ ይገዛል ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 መቅጫውን አጸናው፤ ውሉ አሻሚ ነው፣ አሻሚ ቃልም በጻፈው ላይ ይተረጎማል አለ። ትክክለኛው መንገድ ይኸኛው ነው። የገላጋዩን እጅ ማሰር የፈለገ ደላላ፣ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ይጻፈው።