ብርዱን አትክሰሱት፣ ወንበሩን ጠይቁት!

ደብረ ብርሃን ላይ የመንግሥት ሠራተኛውን «ወገብህን ምን ነካህ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ነዋ!» ከተማዋ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ማንም አይፈርድበትም። አለቃውም ደስ ይለዋል። ብርድን መክሰስ በጀት አይጠይቅማ!

እኛ ግን እንጠይቃለን። መደገፊያው በተሰበረ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ኮምፒዩተር የምትመታውን ጸሐፊ ያጎበጣት ብርዱ ነው? ክንዱን ሰቅሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሚውለውን መምህርስ? በሽተኛ ብቻዋን የምታነሳውን ነርስስ? ቦርሳዋን ተሸክማ የአንኮበርን ዳገትና ቁልቁለት የምትወጣ የምትወርደውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛስ? ብርድ ሕመም ያባብስ ይሆናል። ጡንቻና መገጣጠሚያን የሚጎዳው ግን ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ፣ ተጣሞ መሥራት፣ አንድ እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ከአቅም በላይ ማንሳትና ዕረፍት ማጣት ነው። ጭንቀትም ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የወገብ ሕመም ሰውን አቅም በማሳጣት በ160 አገሮች ቀዳሚ ነው። እኛ ዘንድ ግን «አሞኛል» ያለ ሠራተኛ ሰነፍ ይባላል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አሠሪውን «የሠራተኛህን ጤና ጠብቅ» ይለዋል፤ ተቆጣጣሪም ይልክበታል። በልዩ ሕግ የሚተዳደረውን የመንግሥት ሠራተኛ ግን ይኸው አዋጅ አይመለከተውም። የሲቪል ሰርቪስ ሕጎች ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት መናገራቸው አልቀረም። ዳሩ ግን አሠሪውም መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት! ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ጥበቃው የመንግሥት ሠራተኛንም እንደሚጨምር በግልጽ ይናገራል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

የምንጠይቀው ቪላ አይደለም። ጀርባ የሚደግፍ ወንበር ይገዛ። የኮምፒዩተሩ መስኮት ከዓይን ትክክል ይሁን። ሠራተኛው በየሰዓቱ ብድግ ብሎ ይንጠራራ። በሽተኛን ሁለት ሰው ያንሳ። ሥራ ያመጣው ሕመም በሥራ ጉዳትነት ይመዝገብ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ የሆነ ተቆጣጣሪም ይይ። ለባለሥልጣኑ መኪና ምቹ መቀመጫ ያላጣ በጀት ለጸሐፊዋ ወንበር ሲሆን የት ይገባል?

ነገሩ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ወገቡ የተቆረጠ ሠራተኛ ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ከአንኮበር ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ገበሬ የዚያን የተሰበረ ወንበር ዋጋ ይከፍላል። ብርዱማ ድሮም ነበረ፤ ወንበሩ ይጠገን!