ከፍጥነት ወደ ርቀት፦ የኔትወርክ ደረጃዎች ለእርሻ ማሳው ምን ያህል ቀረቡ?

የኮምፒውተር ኔትወርክን የቴክኒክ ደረጃዎች ከሚያወጡት አካላት ዋነኛው አይትሪፕልኢ የተሰኘው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ይህን ሥራ የሚያከናውነው "802" በሚል መለያ በሚታወቀው ኮሚቴው አማካኝነት ነው። እ.ኤ.አ በ2024 ብቻ በገመድ በኩል በሰከንድ 800 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው የኤተርኔት ደረጃ፣ በገመድ አልባው በኩል ደግሞ በንግድ ስሙ ዋይፋይ 7 የሚባለው ደረጃ ጸድቀዋል። ወሬው ሁሉ የፍጥነት ነው። ከወሬው ጀርባ ግን ለገጠሩ አርሶ አደር፣ ለጤና ኬላውና ለአነስተኛ ከተማ ነዋሪ ከፍጥነቱ ይበልጥ የሚበጅ ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል፤ እርሱም ርቀትንና የኃይል ቁጠባን የሚመለከት ነው። ይህ ሥራ የት ደረሰ? ከወረቀት ወርዶ ማሳ እንዳይረግጥ የያዘውስ ምንድን ነው?

አስቀድሞ ስለ ደረጃ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በየገበያው የሚለያየው ቁናና ላዳን ለሻጩም ለገዥውም መከራከሪያ ሆኖ ኖሯል። የአንዱ አካባቢ መስፈሪያ ከሌላው ስለማይገጥም፣ እህል ጭኖ ወደ ሩቅ ገበያ የሚሻገር ሰው ከዋጋው በፊት መስፈሪያውን መጠየቅ ነበረበት። ኪሎ ሲመጣ ክርክሩ ቀለለ። የኮምፒውተሩም ዓለም እንዲሁ ነበር፤ የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ከሌላው ጋር መነጋገር ይቸግረው ነበር። ኮሚቴው እ.ኤ.አ በየካቲት 1980 ሥራ ጀመረ፤ በ1983 የኤተርኔትን የገመድ ደረጃ አጸደቀ፤ በ1997 ደግሞ የመጀመሪያውን የዋይፋይ ደረጃ አወጣ። ያ የመጀመሪያው ዋይፋይ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ያስተላልፍ ነበር። ዛሬ በአንድ ኩባንያ የተሠራ ስልክ ሌላ ኩባንያ በሠራው ራውተር ያለ አንዳች ጭቅጭቅ የሚገለገለው መስፈሪያቸው አንድ ስለሆነ ነው።

የሞባይል ድምፅ ጥሪ ደረጃ የሌሎች ተቋማት ሥራ ቢሆንም ምሳሌነቱ ለእኛ ቅርብ ነው። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች ነፃ የስልክ መስመር በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። ደዋዩ የማንን ስልክ እንደያዘ የጠየቀው የለም፤ የጥሪው ደረጃ የጋራ ነውና።

ወደ ፍጥነቱ እንመለስና በአጭሩ እንለፈው። ዋይፋይ 7 በንድፈ ሐሳብ ደረጃ በሰከንድ እስከ 46 ጊጋቢት ይደርሳል። በገጠር ከተማ ያለ ቤት ወደ ውጭ የሚያገናኘው መስመር ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ ያለው ፍጥነት ለብቻው የሚፈይደው ጥቂት ነው። ዋይፋይ 8 ተብሎ የሚጠበቀውና ገና በረቂቅ ላይ ያለው ደረጃ ግን አቅጣጫውን ቀይሯል። የፍጥነት ጣሪያውን ከማንሣት ይልቅ አስተማማኝነትን ግቡ አድርጓል፦ ሲግናል በደከመበት ቦታ ፍሰቱን በ25 በመቶ መጨመር፣ መዘግየትን በ25 በመቶ መቀነስ፣ የመልእክት መጥፋትን በ25 በመቶ መቀነስ። ደረጃው እ.ኤ.አ በ2028 አካባቢ እንዲጠናቀቅ ታቅዷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ አነስተኛ የሚመስል ለውጥ ከ46ቱ ጊጋቢት የበለጠ ዜና ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ። የተለመደው የኔትወርክ ገመድ አራት ጥንድ የመዳብ ሽቦ አለው፤ በደረጃው መሠረት አንድ ዝርጋታ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ለቢሮ ይህ ይበቃል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እስከ ወንዙ ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተር ድረስ ላለ ርቀት ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ በ2019 የጸደቀው 802.3 ሲጂ የተባለው ደረጃ ይህን ገደብ ሰብሮታል። በአንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ እስከ 1 ሺህ ሜትር ድረስ መልእክት ያስተላልፋል። አሥር ሜጋቢት ለፊልም ተመልካች ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ለውኃ ቆጣሪ፣ ለሙቀት መለኪያና ለሞተር መቆጣጠሪያ ግን ከበቂም በላይ ነው። ሽቦው ከአራት ጥንድ ወደ አንድ መውረዱም በመዳብ ዋጋ ለሚጨነቅ ገዥ ትርጉም አለው።

በገመድ አልባው በኩል ተመሳሳዩን ሥራ የሠራው፣ እ.ኤ.አ በ2016 መጨረሻ የጸደቀው 802.11 ኤኤች ነው፤ የንግድ ስሙ ዋይፋይ ሄይሎው ይባላል። በቤታችን ያለው ዋይፋይ የሚሠራው በ2.4፣ በ5 እና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአንዳንድ ሀገሮች በ6 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ መረጃ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፤ ግድግዳና ውኃ የተሞላ ቅጠል ይውጠዋል። ሄይሎው ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ወርዶ ስለሚሠራ ግልጥ በሆነ ሜዳ እስከ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ማሰራጫ እስከ 8 ሺህ 191 መሣሪያዎችን መመዝገብ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው፣ በተቀጠረላቸው ሰዓት ብቻ ነቅተው፣ የለኩትን ልከው መልሰው ይተኛሉ። በዚህም ምክንያት በባትሪ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። የሚገርመው፣ ይህ የመተኛት ቀጠሮ በኋላ ወደ ዋይፋይ 6 ተወስዶ የስልክ ባትሪ እንዲቆጥብ መደረጉ ነው። ለሜዳ መለኪያ የተፈለሰፈው ብልሃት ዛሬ በብዙ የከተማ ሰው ኪስ ውስጥ አለ።

ነገሩን በሚታወቅ ቦታ መዝነን እንየው። በመራዊ አቅራቢያ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያለማ የታቀደ ሲሆን ዋና ቦዩ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ባለ መስኖ ላይ የላይኛው ተጠቃሚ ሲጠግብ የታችኛው መጠማቱ የቆየ ቅሬታ ነው፤ የውኃ አባቱም በየበሩ የሚያልፈውን ውኃ ለማወቅ በእግሩ መሄድ ግድ ይለዋል። ለምሳሌ ያህል በቦዩ ላይ በየቦታው የውኃ ከፍታ መለኪያ ቢተከል እንበል። ከቤት ውጭ 100 ሜትር ዙሪያ የሚደርስ ተራ ዋይፋይ ቦዩን ለመሸፈን ወደ 100 የሚደርሱ ማሰራጫዎች ይፈልጋል። 1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚደርሰው ሄይሎው ግን 10 ያህል ይበቃዋል። ባሕር ዛፍና ጉብታ በመካከል ሲገቡ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ የልዩነቱ መጠን ግን ከዚህ ስሌት ይታያል። አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ይህ ቴክኖሎጂ ኢንተርኔት አያመጣም። ማሳውን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጋር ያገናኛል እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የቴሌኮም ድርጅቶች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የታችኛው ተጠቃሚ ስንት ውኃ እንደደረሰው በቁጥር ይዞ ለመከራከር ኢንተርኔት የግድ አይደለም።

ታዲያ እነዚህ ደረጃዎች ከጸደቁ ዓመታት ካለፉ፣ መሣሪያዎቹ ለምን በገበያችን አይታዩም? እዚህ ላይ 802.22 የተባለውን ደረጃ ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ በ2011 ሲወጣ በተለይ ለገጠር የታሰበ ነበር። በቴሌቪዥን ጣቢያዎች መካከል ባዶ የቀሩትን ሞገዶች ተጠቅሞ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ኢንተርኔት ሊያደርስ ይችላል ተብሎለት ነበር። ዛሬ መሣሪያውን ገዝቶ መትከል የሚፈልግ ሰው የሚሸጥለት ለማግኘት ይቸገራል። ደረጃው የቴክኒክ ጉድለት ስለነበረበት አይደለም። እያንዳንዱ መንግሥት የትኛው ሞገድ የት ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብና ደንብ ማዘጋጀት ነበረበት፤ ይህም በብዙ ቦታ ዘገየ። ቺፕ አምራቾች ሰፊ ገበያ ስላላዩ በብዛት አላመረቱም፤ በብዛት ያልተመረተ ነገር ደግሞ አይረክስም። በመካከሉ ከቴሌቪዥን ሞገዶች ከፊሉን የሞባይል አገልግሎት ወሰደው። ምርጥ ዘር በምርምር ጣቢያ ተለቅቆ አባዥ ካጣ ማሳ እንደማይደርስ ሁሉ፣ ደረጃም አምራችና ደንብ ካላገኘ በመደርደሪያ ይቀራል።

ሄይሎው ከዚያ ዕጣ እያመለጠ ይመስላል፤ ግን በዝግታ። መሣሪያዎች እርስ በርስ መግባባታቸውን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት መሰጠት የጀመረው ደረጃው ከጸደቀ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በኅዳር 2021 ነው። ቺፑን የሚያመርቱትም ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው።

የደንቡ ጉዳይ ግን ለእኛ ከሁሉ ይብሳል። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ሞገድ በየሀገሩ የሚፈቀድበት ቦታ ይለያያል፦ በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ነፃ ሲሆን፣ በአውሮፓ 863 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለው ነው። በሀገራችን ደግሞ የሞባይል ስልክ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ 900 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በዚሁ ክልል ስልካችን ወደ ማማው የሚልክበት ጠርዝ እስከ 915 ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ ገዝቶ በሻንጣው ያመጣው ሄይሎው ወይም ሌላ የአሜሪካ ገበያ መሣሪያ፣ ሳይስተካከል ቢበራ ከ902 እስከ 915 ባለው ቦታ የአካባቢውን የስልክ ጥሪ ሊያውክ ይችላል። መሣሪያውን ያበራው ሰው አያውቀውም፤ ጎረቤቱ ግን ስልኬ ለምን ይቆራረጣል ብሎ ያማርራል። የመሣሪያ ዓይነት የማጽደቅና ሞገድ የመደልደል ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለግብርና መለኪያዎች የትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈቀድ በግልጥ ቋንቋ ለዩኒየኖችና ለዞን ግብርና መምሪያዎች ቢደርሳቸው፣ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሌላው የገዥ ጥንቃቄ የባለቤትነት ነው። ለረጅም ርቀት መለኪያ በዓለም ላይ በስፋት የተሠራጨው ሎራ፣ ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ በመሆኑ መመስገኑ ተገቢ ነው። የኔትወርክ ደንቡም እ.ኤ.አ በ2021 በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃነት ተሰጥቶታል። ነገር ግን የሬዲዮው ስልት የአንድ ቺፕ ኩባንያ ንብረት ነው። ይህ አይገዛ ማለት አይደለም። ከዚህ የከፋው፣ የማንንም ደረጃ ሳይከተል በአንድ አቅራቢ ሶፍትዌር ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ አቅራቢው ሲዘጋ መለኪያው ሁሉ ሜዳ ላይ የቆመ እንጨት ይሆናል። ጨረታ የሚያወጣ ማኅበር ከዋጋው በፊት የደረጃውን ቁጥር፣ የሚሠራበትን ሞገድና መረጃው በሌላ መሣሪያ መነበብ መቻሉን በሰነዱ ላይ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

በመጨረሻም ስለ ጠረጴዛው። በ802 ኮሚቴ ድምፅ የሚሰጠው ግለሰብ ሲሆን፣ ድምፁን የሚያገኘው ስብሰባዎችን በተከታታይ በመካፈል ነው፤ የቴክኒክ ውሳኔ ለማለፍ 75 በመቶ ድጋፍ ያስፈልጋል። ተሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው የአሜሪካ፣ የእስያና የአውሮፓ ቺፕና መሣሪያ አምራቾች ባለሙያዎች ናቸው። የሚያነሡት ችግር የሚያውቁትን ነው፦ የተጨናነቀ ስታዲየም፣ ፋብሪካ፣ የመረጃ ማዕከል። የመብራት መቆራረጥና በባሕር ዛፍ የተከበበ ቀበሌ የሚነሣው የሚያውቀው ሰው ሲገኝ ነው። መግቢያው የተዘጋ አይደለም። የወጡ ደረጃዎች ከስድስት ወር በኋላ በነፃ ይነበባሉ፤ ስብሰባዎቹንም ዛሬ በኢንተርኔት መካፈል ይቻላል፤ የመመዝገቢያ ክፍያው ግን አለ። የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪክና የኮምፒውተር ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች የዋይፋይ 8 ረቂቅ ሳይዘጋ አንድ ሁለት ሰው ለመመደብ ጊዜው አላለፈባቸውም።