ጤነኛ ወጣትንም አይምርም

«ወጣትና ጤነኛ ከሆንክ፣ ቅዳሜ ብትሰክር እሑድ ተኝተህ ይወጣልሃል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እዚህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ ይህን ከልባቸው የሚያምኑ ልጆች ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ልኩ ይታወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራም ንጹሕ አልኮልና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። ይህ አምስት ጠርሙስ ቢራ ገደማ ነው፤ በአረቄ ከሆነማ ጥቂት መለኪያ ይበቃል።

ተኝቶ የሚወጣው አልኮሉ እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ጉበት አልኮሉን እስኪጨርስ ስብ ማቃጠሉን ያዘገያል፤ አዲስ ስኳር መሥራቱም ይዳከማል። በባዶ ሆዱ የጠጣ ጤነኛ ልጅ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጓደኞቹ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ብለው ይተዉታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ሦስት ቀን አልኮል የተሰጣቸው አይጦች፣ አልኮሉ ከደማቸው ከጠፋ በኋላም ኢንሱሊን በአግባቡ እንደማይሠራላቸው አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም «ይወጣል» ያለው ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጽሑፉ «አይዟችሁ» የሚላቸው ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብዛኞቹ ገና 21 አልሞላቸውም።